እናቴ በዋናው መንገድ የሄደችበት ሰኞ

ቤታችን ውስጥ ከነበረው ዕቃ ግማሹን አባቴ ዋኝቶ ያመጣው ነው። ይህን ስል ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። አምስት የጠረጴዛ ሰዓት፣ አንድ የብር ቅብ የሻይ ማፍያ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ ቬልቬት ላይ የተደረደረ የዓሣ ቢላና ሹካ ከነሣጥኑ። እኛ ዓሣ የምንበላው ከጥግ ሱቅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚመጣውን፣ ኮምጣጤ አርከፍክፈንበት በጣታችን ስለነበር ሣጥኑ ተከፍቶ አያውቅም። ሰዓቶቹም ተስማምተው አያውቁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቁልፍ ይዞ እየዞረ ሲሞላቸው እኔ ከኋላው እከተል ነበር።

ያኔ ለሌሎች አባቶች ለሥራቸው ገንዘብ፣ ለኔ አባት ግን ሰዓት የሚሰጡት ከሁሉም ስለሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። የአማተር ደንብ የሚባለውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዋኝቶ ገንዘብ የተቀበለ፣ ተከፍሎት ሰው ዋና ያስተማረ፣ የተሸለመውን ዕቃ የሸጠ ወይም በመያዣ ያስያዘ ሰው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አማተር መሆኑ ይቀርና ከአማተሮች ጋር አይወዳደርም፤ ኦሊምፒክ የሚባል ነገርም አያይም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የቤት ዕቃ አስይዘው ዳቦ መግዛት ያላስፈለጋቸው ናቸው።

አባቴ ኤኖክ ሆልሮይድ ይባላል። ከማንቸስተር በስተሰሜን ባለች ጭሳም ከተማችን፣ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ከተማው መዋኛ ቤት ይሄዳል። በደረት ዋና ክፍለ ሀገሩ ውስጥ የሚቀድመው አልነበረም፤ ውሃ ውስጥ ኳስ የሚጫወተው የዋና ክለቡ የዋተር ፖሎ ቡድን አምበልም እሱ ነው። የመዋኛው ውሃ የሚቀየረው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ሰኞ ታቹ ይታያል፤ ዓርብ ላይ ሾርባ ይሆናል። የዋተር ፖሎ ግጥሚያ ደግሞ ዓርብ ነው። ዳኛው ከውሃው በታች የሚደረገውን ስለማያይ ርግጫውም ቡጭሪያውም እዚያ ነው የሚያልቀው። ለዚህ ነው ጨዋታው ሳይጀመር የተጫዋቾቹ ጥፍር አንድ በአንድ የሚታየው፤ ጥፍሩ የረዘመ አይገባም።

ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ እናቴ አጭር በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና የአባቴን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥፍሩን ትሞርዳለች። ከእጁ ወደ እግሩ። እኔ የሞረዱን ድምፅ እወደው ነበር። ሁለቱም አይነጋገሩም። አንዳንዴ እሱ፣ «ጣቴን ተይልኝ እንጂ ሊድያ» ይላታል፤ እሷ፣ «ዝም በል፣ ሴትየዋን አታስቃት» ትለዋለች። ሴትየዋ የምትለው ራሷን ነው። እናቴ ስትቀልድ የማስታውሳት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

ለንደን ኦሊምፒክ የተደረገ ጊዜ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሻንጣ ይዞ በባቡር ሄደ። ሲመለስ ሰዎች በከበሮና በጥሩንባ ተቀበሉት፤ ያልተሸነፈ ይመስል ማለት ነው፣ ከግማሽ ፍጻሜ ነበር የወጣው። ከተማው ጥቁር የእብነ በረድ ሰዓት ሸለመው፤ በሁለት ጎኑ የናስ አንበሳ የተኛበት። ከሰዓቶቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሌላም ነገር አስታውሳለሁ። አባቴ ከመሄዱ በፊት ቤት ውስጥ ክሊፈርድ የሚባል ሕፃን ወንድም ነበረኝ። አባቴ ሲመለስ አልነበረም። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ፣ አባቴ ክሊፈርድን ይዞት ሄዶ ለንደን ረስቶት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሰው ስለ ለንደን ባወራ ቁጥር ጆሮዬን አቁሜ የወንድሜን ስም እጠብቅ ነበር።

ክሊፈርድን የገደለው የጉሮሮ በሽታ ነው። አባቴ በሄደ በአሥረኛው ቀን። የሱ ደመወዝ ስለተቋረጠ እናቴ ሐኪም ለመጥራት ሁለት ቀን ዘገየች። ለአባቴም ቴሌግራም አላስላከችም፤ የክለቡ ሰዎች፣ «ሊወዳደር ሁለት ቀን ሲቀረው ልቡን አትስበሪው» ብለዋት ነበር። በጥሩንባ የመጣ ዕለት ጣቢያው ላይ ቆማ ጠብቃ ነው የነገረችው። ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ሚስስ ሃዋርዝ ናት፣ ልጃገረድ ከሆንኩ በኋላ። እናቴ ራሷ አንድም ቀን አላነሳችውም።

ከለንደኑ አራት ዓመት በኋላ አባቴ ለስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተመረጠ። ደብዳቤው በመጣ በሳምንቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ መቱ። ከሰል ስለሌለ ፋብሪካዎቹ ቆሙ፤ የመዋኛ ቤቱም ውሃ ማሞቂያ ጠፍቶ ተዘጋ። የከተማው ሰማይ ጭስ አጥቶ ሲጠራ ያየሁት ያኔ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮረብታው ላይ ወዳለው ግድብ እየሄደ በዚያ በረዶ ውሃ ይዋኛል። ሲመለስ ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ያን ጊዜ አይቪ የምትባል የስምንት ወር እህት ነበረችኝ፤ ታስል ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ልብስ ስታጥብ እኔ ከጠረጴዛው ሥር የልብስ ቁልፎች በቀለም በቀለማቸው እደረድር ነበር። አባቴ የተጨመቀውን አንሶላ በሌላኛው ጫፍ ይዞላት ቆሟል።

«አራት ሳምንት ነው ያልከው?» አለችው።

«ከመንገዱ ጋር።»

«እስከዚያ ፋብሪካው ቢከፈትስ?»

«ቢከፈትማ ለሌለ ሰው አይከፍልም። ክለቡም ልስጥህ ቢለኝ መቀበል አልችልም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» አንሶላውን አጠፉት። «አይቪ ታስላለች።»

«ልጅ ያስላል፣ ሊድያ።»

«ክሊፈርድም ያስል ነበር።»

ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የአባቴ እግር ብቻ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ፣ «ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚህ ወዲያ ማንም አይጠራኝም» አለ።

«አትሂድ አልኩህ እንዴ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው ያን ጫፍ ሳብ አድርገው፣ መሬት እየነካ ነው።»

እኔ ተስማሙ ብዬ ቁልፎቼን መደርደሬን ቀጠልኩ።

በአድማው ሰሞን ሴቱ ሁሉ ዕቃ አስይዞ ገንዘብ የሚበደርበት የመያዣ ሱቅ ተመላላሽ ሆነ። ሰኞ ጠዋት አንሶላ፣ የባል የክት ልብስ፣ ምንጣፍ ይዞ መሄድ ነው። አካሄዱ ግን ሥርዓት አለው። በጓሮ በኩል ባለው ቀጭን መተላለፊያ፣ ጥቅሉን ከሻል ሥር ደብቆ፣ አንገት ደፍቶ፣ በጎን በር መግባት። በመንገድ የተገናኙ ሴቶች እንኳ አይተያዩም፤ ሰላም አይባባሉም። ከእናቴ ጋር ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሄጃለሁ። ሱቁ በር ላይ የመያዣ ሱቅ ምልክት የሆኑ ሦስት የናስ ድቡልቡሎች ተንጠልጥለዋል። እኔ የዋተር ፖሎ ኳስ መስለውኝ፣ ባለ ሱቁ የአባቴ ወዳጅ ነው ብዬ አምን ነበር።

ያን ሰኞ ግን እናቴ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አደረገች። አይቪን ለሚስስ ሃዋርዝ ሰጠቻት። ከዚያ የእብነ በረዱን ሰዓት ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አወረደች፤ ፊቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ሻሏ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

«እማዬ፣ አንሸፍነውም?»

«ለምን እንሸፍነዋለን?» አለችኝ። «ነይ፣ እጄን መያዝ አትችይም፣ ቀሚሴን ያዢ።»

በፊት ለፊት በር ወጣን። በዋናው መንገድ ሄድን። ሥራ ስለሌለ ወንዱ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የእንጨት ሶል ጫማዬ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሰዓቱ ደግሞ በየእርምጃው ውስጡ ይደውላል። ሰዎች ያዩናል፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን ሊያነሳ ይልና ይተወዋል። እኔ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ይህን የመሰለ ሰዓት በጓሮ አይሄድም፤ እናቴ አባቴን ለከተማው እያሳየችው ነው ብዬ ነበር። በተዘጋው መዋኛ ቤት ፊት አለፍን። እዚያ ቆም ብላ ሰዓቱን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ከባድ ነበር፤ ጉንጯ ቀልቷል።

ከመዋኛ ቤቱ ማዶ የሚስተር ፒሊንግ ባርኔጣ መሸጫ ነው። ሚስተር ፒሊንግ የክለቡ ጸሐፊ ናቸው፤ ለስቶክሆልም የአባቴን ስም ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው። በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እንዴት አደሩ ሚስተር ፒሊንግ!» አለች እናቴ፤ ጮክ ብላ። ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻት ስለማላውቅ ቀና ብዬ አየኋት።

«ደህና... ደህና አደርሽ ሚስስ ሆልሮይድ።» ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ ተተክሏል። «ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው።»

«ለጽዳት ይሆናላ» አሉ፤ ድምፃቸው የሚለምን ይመስል ነበር። «እንዲህ ያለ ሰዓት አንዳንዴ መጽዳት አለበት።»

«ትናንት ነው ያጸዳሁት» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ሱቁ ጋ ስንደርስ በጎን በር አልገባችም። ሦስቱ ኳሶች ባሉበት በፊት ለፊቱ በር፣ ሰዓቱን እንዳቀፈች ገባች። ስንወጣ እጇ ባዶ ነበር። ያን ቀን ሐኪም መጥቶ አይቪን አየ፤ እኔንም የሽሮፑን ማንኪያ አስላሱኝ።

ሚስተር ፒሊንግ ቤታችን የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ሰው መጣ ሲባል ሌላ ሰዓት ሊሸልሙን ነው ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። ለእንግዳ ብቻ በሚከፈተው በፊተኛው ክፍል ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም። እናቴ አይቪን ታቅፋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ እኔ ከጎኗ።

«እኔ ያላየሁ መስዬ ነበር» አሉ። «ግን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የዋና ማኅበሩ ጽፎልኛል። ኤኖክ፣ ስማኝ፣ ቀላል ነገር ነው። ሴቶች ደንብ አያውቁም።» አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ሚስቴ ሳላውቅ ወሰደችው ብለህ ፈርም። በቃ። ሰዓቱን እኔ አስመልሰዋለሁ። ሐምሌ ላይ መርከብ ትሳፈራለህ።»

አባቴ ወረቀቱን አላየውም። እናቴን አያት።

«እኔ ምኑን አውቄው ሚስተር ፒሊንግ?» አለች እናቴ፤ የሷ ባልሆነ የሞኝ ድምፅ። «ለኔ ሰዓት ሰዓት ነው።»

«ይኸው!» አሉ ሚስተር ፒሊንግ። «ከራሷ አፍ። ፈርም ልጄ።»

አባቴ አሁንም እያያት ነው። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ቤት ውስጥ የቀሩት አራት ሰዓቶች አራት የተለያየ ጊዜ ይቆጥራሉ።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አለ።

«ኤኖክ።»

«እኔ ነኝ አልኩዎት። ሥራ የለም፣ ልጅ ታማለች። ውሰጂው አልኳት።»

«አንተ ያን ሰኞ ግድቡ ላይ ነበርክ። ሁለት ሰው ይመሰክራል።»

«ጠዋት ሳልወጣ ነው የነገርኳት።»

ይህ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ዕለት አባቴ ሲወጣ እናቴ ከአይቪ ጋር ተኝታ ነበር፤ የጫማውን ክር ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ለማንም ምንም አልተናገረም። እውነቱን ብናገር አባቴ መርከብ እንደሚሳፈር ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። የእናቴ እጅ ማጅራቴ ላይ አረፈና ጨመቀኝ፤ እስከ ዛሬ ጣቶቿ የት የት እንደነበሩ አውቀዋለሁ። አፌን ዘጋሁ።

ሚስተር ፒሊንግ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እድሜ ልክህን ትቆጭበታለህ» አሉት። አባቴ፣ «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» አላቸው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ እናቴ በርጩማዋን አመጣች፣ ሞረዱን ከመሳቢያው አወጣች። አባቴ፣ «አያስፈልግም» አላት። ሞረዱን መልሳ አስቀመጠችው።

ከተማው የራሱን ፍርድ ሰጠ። ሊድያ ሆልሮይድ ሞኝ ናት፤ ባሏ ደግሞ ለሞኝ ሚስቱ ሲል ራሱን የሠዋ ጨዋ ነው። የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ሲያዩኝ፣ «ሆልሮይድ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኝና ራሳቸው መልሰው፣ «ስቶክሆልም አልፏል!» እያሉ ይንከተከቱ ነበር። ሚስስ ሃዋርዝም አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፋ፣ «ክፉ አይደለችም እኮ፣ ምስኪን፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ጥጥ ነው እንጂ» ስትል ሰማሁ። እናቴም ሰማች፤ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር አላለችም። እኔም እንደ ከተማው ሆንኩ። እናቴን ናቅኋት። ይህን በግልጽ የምለው ጸጸት እንዲሰማኝ ሞክሬ ሳይሰማኝ ስለቀረ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ላይ ናቅኋት፣ ሠላሳ እስኪሆነኝም አልተውኩም።

የመዋኛ ቤቱ ሲከፈት አባቴ እዚያው ተቀጠረ። አሁን አማተር ስላልሆነ ሰው በደመወዝ ማስተማር ይችላል። ወገባቸው ላይ ገመድ አስሮ፣ ገመዱን ከረጅም ዘንግ ጋር አያይዞ፣ ከዳር ሆኖ እየጎተተ የከተማውን ልጅ በሙሉ ዋና አስተማረ፤ እኔንም፣ አይቪንም። ደመወዙ አይቋረጥም ነበር። ዓርብ ዓርብ ደግሞ አምበል ለነበረበት ቡድን ፎጣ ያቀብላል። አይቪ ሳሏ ለቀቃት፤ ዛሬ ካናዳ ውስጥ የልጅ ልጆች አሏት።

በሠላሳዎቹ ዓመታት ሥራ ሲጠፋ እኔም ባለትዳር ነበርኩ። አንድ ሰኞ የባሌን ሙሉ ልብስ ጠቅልዬ ከሻሌ ሥር ደበቅሁና በጓሮው መተላለፊያ ሄድኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ እግሬ በራሱ ነው ወደዚያ የሄደው። ከፊቴ አንዲት ሴት እንደኔው አንገቷን ደፍታ መጣች። ሳንተያይ ተላለፍን። ያኔ እዚያው ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በዚህች ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ሞኝም ብትሆን፣ ሰካራምም ብትሆን፣ የመያዣ ዕቃ ገልጣ በዋናው መንገድ አትሄድም። እናቴ እንድትታይ ነው የሄደችው። አትሂድ ማለት አልቻለችም፤ ብትለው ይሄዳል። ስለዚህ እንዳይሄድ አደረገችው። ሞኝ መባሉንም ተቀበለችው፤ ክፉ ከመባል ይሻላታል።

ልነግራት እየቻልኩ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። ከሁለተኛው ጦርነት ማግስት ባለው ብርድ ሞተች። የቀብሩ ሰዎች ከሄዱ በኋላ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

«አባዬ፣ እማዬ ደንቡን ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት።

ሳህኑን አዙሮ ጀርባውን አጠበው። «የመጀመሪያው ሰዓት የመጣ ቀን ቁጭ አድርጌያት ደንቡን አንብቤላታለሁ። በቃሏ ነው የመለሰችልኝ።»

«ታዲያ ሚስተር ፒሊንግ የመጡ ቀን ገብቶህ ነበር?»

«በዋናው መንገድ ነው የሄደችው ሲሉኝ ነው የገባኝ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት።»

«ለምን አልፈረምክም?»

«ብፈርም እሄድ ነበራ» አለ።

ሌላ ሳህን አቀበለኝ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቄ ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። «ማወቅህን ለምን አልነገርካትም?» አልኩት። «ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው። ሞኝ መስዬዋለሁ እያለች ነው የሞተችው።»

«ብነግራት ይቅር ያልኳት ይመስላት ነበር።»

«አላልካትም እንዴ?»

አባቴ እጁን ከውሃው አላወጣም። መስኮቱን እያየ ነበር፤ ከመስኮቱ ባሻገር የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ሞክሬ ነበር» አለ።